ትርንጎ ዋስ ፍለጋ የዞረችበት ሳምንት

ሰኞ ጥቅምት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ትርንጎ አበራ ከጤና ጣቢያው ደብዳቤ ደረሳት። ለሁለት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የወጣውን ፈተና አልፋለች፤ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልተቀጠረች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ፈተናውን አንደኛ ወጥታለች። ሁለተኛ የወጣው አንተነህ የሚባል ሰው ነው። ትርንጎ ልጇን ሀመልማልን ለማሳደግ ሥራ ከለቀቀች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ሰባት ደቂቃ ነው። የፈለገችው እነዚህን ሰባት ደቂቃዎች ሄዳ ሥራ መግባት ብቻ ነበር።

ሄደች። የቅጥር ክፍሉ ሰውዬ ቀና ሳይል፣ «ዋስ አምጪ» አላት።

«የምን ዋስ?»

«ደመወዝ ያለው፣ የሚፈርምልሽ ሰው።»

«ማይክሮስኮፑን ተሸክማ ትጠፋለች ብላችሁ ነው?»

«እህቴ፣ አታድርቂኝ። ዋስ ከሌለ ቅጥር የለም።»

ጤና ጣቢያ አልቀጠረ፤ ትርንጎም ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ የባሏ የደረሰ አጎት ጋሽ ሞገስ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ሞገስ መምህር ናቸው። ለሁለት የወንድማቸው ልጆች ዋስ ሆነዋል፤ ለሁለቱም ቆመው ነው የፈረሙት። ለትርንጎ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ደረሰ ምን አለ?»

«ገና አልነገርኩትም።»

«እሱ እሺ ሳይል ብፈርም ትዳር አፍራሽ ልባል ነው?»

«ጋሼ፣ ዋስ የሚሆኑኝ ለሥራዬ ነው ወይስ ለትዳሬ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ስል ነው። ባልሽ እሺ ይበል፣ እፈርማለሁ።»

ዋስ አልፈረመ፣ ጤና ጣቢያ አልቀጠረ፤ ትርንጎም ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ባሏ ደረሰ አናጢ ነው። ራት ላይ ነገረችው።

«ምን ጎደለሽ?» አላት።

«ቀለብ አልጎደለኝም። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ከእጄ እየጠፋ ነው።»

«ልጅቷንስ ማን ይይዛታል?»

«አንተ ጠዋት ስትወጣ፣ ማን ይይዛታል ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ደረሰ ሁለት ጊዜ ጎረሰ። «እናቴ ልያዝ ካለች እሺ። ካላለች እሺ አልልም።»

ባል እሺ አላለ፣ ዋስ አልፈረመ፣ ጤና ጣቢያ አልቀጠረ፤ ትርንጎም ሳህኑን አነሳች።

ማክሰኞ አንተነህ ሥራ ጀመረ። ትርንጎ በዚያው ግቢ ወደሚኖሩት አማቷ ወደ እማማ ጥሩወርቅ ክፍል ገባች። ሀመልማል አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች።

«ልጅቷንማ እወዳታለሁ» አሉ እማማ። «የእድሩ ተራስ? ለቅሶ በተነሳ ቁጥር ከቤታችን ሄደሽ ሽንኩርት የምትከትፊው፣ ድስት የምታወርጂው አንቺ ነሽ። ሥራ ከገባሽ እኔ በዚህ ጉልበቴ ልጅ ላባርር ወይስ ድስት ላንሳ?»

«ደረሰ ይሂዳ፣ እማማ።»

«ወንድ? ጓዳ? የእድሩ ዳኛ ከፈቀደ እኔ ልጅ እይዛለሁ። ካልፈቀደ አልይዝም።»

አማት ልጅ አልያዘች፣ ባል እሺ አላለ፣ ዋስ አልፈረመ፣ ጤና ጣቢያ አልቀጠረ፤ ትርንጎም ልጇን ታቅፋ ወጣች።

ረቡዕ የእድሩን ዳኛ አቶ ውብሸትን ከወፍጮ ቤታቸው አገኘቻቸው። ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሷል።

«በእድር ቀልድ የለም» አሏት። «ደንቡ ከየቤቱ ሴት ትምጣ ይላል። ደንቡ ካልፈቀደ እኔ አልፈቅድም።»

«ደንቡን አንብበውታል?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ዳኛ ነኝ!»

«አንብበውታል ወይ ነው ያልኩት።»

አቶ ውብሸት ወፍጮውን አስነሱ። ከዚያ በኋላ የተናገረችው አልተሰማም።

ዳኛ አልፈቀደ፣ አማት ልጅ አልያዘች፣ ባል እሺ አላለ፣ ዋስ አልፈረመ፣ ጤና ጣቢያ አልቀጠረ፤ ትርንጎም ዱቄቷን አራግፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሐሙስ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ክንፈ ቤት ሄደች። ደንቡ እሳቸው ቤት፣ ሣጥን ውስጥ፣ ተቆልፎ ይኖራል።

«መነጽሬ ተሰብሯል» አሉ። «እኔ ሳላየው ደንብ አላወጣም።»

«መቼ ይጠገናል?»

«ጠጋኙ የሚመጣው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን ነው።»

ቅዳሜ ከዓርብ በኋላ ነው። ጸሐፊ ሣጥን አልከፈተ፣ ዳኛ አልፈቀደ፣ አማት ልጅ አልያዘች፣ ባል እሺ አላለ፣ ዋስ አልፈረመ፣ ጤና ጣቢያ አልቀጠረ። ትርንጎ ግን ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ የእኔ ዓይን ደህና ነው። ጠብታ ደም ውስጥ የወባ ተውሳክ ፈልጌ የማገኝ ሰው ነኝ። ይክፈቱት፣ ላንብብልዎት።»

«ደንብ ለመጣ ለሄደው አይነበብም!»

«ታዲያ ለማን ነው የሚነበበው? አራት ቀን ሙሉ አምስት ሰው ለመንኩ። አንዱ እንኳ፣ ሥራውን ትችይዋለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ዛሬ ከዚህ አልነሳም።»

የጋሽ ክንፈ ሚስት ከጓዳ ጮኹ። «ክፈትላት አንተ ሰውዬ! መነጽርህ ደህና ሳለስ መቼ አንብበኸው ታውቃለህ?»

ሣጥኑ ተከፈተ። ደንቡ ከተጻፈ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ትርንጎ ዘጠነኛውን አንቀጽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «በለቅሶ ጊዜ ከየቤቱ አንድ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በጓዳ ሥራ ያግዛል።» በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ጓዳ የገባ ወንድ የለም።

ጋሽ ክንፈ ሣጥኑን ከፍተዋልና ደንቡን ይዘው ወፍጮ ቤት ድረስ አብረዋት ሄዱ። አቶ ውብሸት ወፍጮውን አጥፍተው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ «ካለማ አለ» ብለው ፈቀዱ። ዳኛው ፈቅደዋልና እማማ ጥሩወርቅ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲያው ልጄ ይክተፋ! እኔ የልጅ ልጄን እይዛለሁ።»

«እኔ? ሽንኩርት?» አለ ደረሰ።

«እናቴ ልያዝ ካለች እሺ ብለሃል።»

«ማን ሰማኝ?»

«ምን ሰሚ ያስፈልገዋል?» አሉ እናቱ። «ልያዝ ብያለሁ። በል አሁን እሺ በል።»

እናት ልያዝ ብላለችና ባል እሺ አለ። ባል እሺ ብሏልና ዓርብ በአራት ሰዓት ጋሽ ሞገስ ፈረሙ፣ ያውም ቆመው። ዋስ ፈርሟልና ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ጤና ጣቢያው ቀጠረ። ትርንጎ ሰባቱን ደቂቃ በአራት ደቂቃ ነበር የሄደችው።

በኅዳር ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ሆነ። ደረሰ ሁለት ሳፋ ሽንኩርት ከተፈ። ጓዳ የነበሩት ሴቶች፣ «ከሟች ወንድም ይልቅ አንተ አለቀስክ» አሉት።

በየካቲት ጋሽ ሞገስ ለሌላ ዘመድ ዋስ ሊሆኑ ፈልገው፣ ዋስትና ስለበዛባቸው ለትርንጎ የፈረሙትን ለማንሳት ጤና ጣቢያው ሄዱ። የቅጥር ክፍሉ ሠራተኛ ተቀይሯል። አዲሷ ሠራተኛ ቅጹን አገላብጣ አየችው።

«ለላቦራቶሪ ባለሙያ ዋስ? አባቴ፣ በመመሪያው ዋስ የሚጠየቀው ገንዘብ ያዥና ንብረት ጠባቂ ብቻ ነው።»

ለማረጋገጥ በዚያው ሳምንት የተቀጠረውን የአንተነህን ፋይል አወጣች። አራት ወረቀት አለው፤ ማመልከቻ፣ ዲፕሎማ፣ የፈተና ውጤት፣ የቅጥር ደብዳቤ። የዋስ ቅጽ የለውም። የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ሰኞ ጥቅምት ሦስት ነው።