ዕጢውን ሳያወጣ የዘጋ ሐኪም

ቀዶ ሕክምና የምትማር አንዲት ወጣት ሐኪም አዛውንት መምህሯን፣ «የበሽተኛውን ሆድ ከፍቼ ዕጢውን ሳላወጣ ብዘጋው፣ ሲነቃ በምን ፊቴ አየዋለሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ አሏት፦

አንድ ገበሬ ነበረ። ቆሽቱ ላይ ካንሰር ወጣበት። ዕጢው ከትልቅ የደም ሥር ጋር ተጣብቆ ስለ ነበር ሐኪሞቹ «ቢላው ይቆይ፣ መድኃኒቱ ይቅደም» አሉት። ለወራት መድኃኒት ወሰደ። ዕጢው ግን አልሸሸም፤ ጭራሽ የሐሞቱን መውረጃ ዘጋው። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ገላውን ሲያክ ውሎ ሲያክ ያድራል። የቀመሰውም አይረጋለትም። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው፤ ይነሣል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል።

እጁ የተመሰገነ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

«አውጣልኝ» አለው።

«የደም ሥሩን ከለቀቀ አወጣዋለሁ። ካልለቀቀ ግን አልቆርጠውም፤ እዚያው ትሞትብኛለህ።»

«ብሞትም ይውጣ!»

ሐኪሙ ሆዱን ከፈተ። ዕጢው አንጀትን የሚመግበውን የደም ሥር ዙሪያውን ይዞታል። በጣቱ ዳሰሰው፤ ሊለየው ሞከረ፤ ደግሞ ዳሰሰው። ረዳቱ «ትንሽ ብንገፋበትስ?» አለው። የሐኪሙ እጅ ሄደ፣ መጣ። በስተመጨረሻ ቢላውን አስቀመጠና መርፌና ክር ጠየቀ። ለሐሞቱ ሌላ መውረጃ አበጀ። ጨጓራውንም ከዕጢው ወዲያ ካለው አንጀት ጋር ሰፋው፤ ምግብ እንዲያልፍ። ከዚያም ዘጋው።

ገበሬው ሲነቃ «ወጣ?» አለ።

«አልወጣም። የደም ሥሩን አልለቀቀም። ለምግብህና ለሐሞትህ ግን ሌላ መንገድ ሠርቼልሃለሁ።»

«ፈራህ» አለው ገበሬው፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሙ በየቀኑ ሊያየው ሲመጣ ገበሬው ዓይኑን ይጨፍናል። ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ሐኪሙ እጁን ቢዘረጋለት ጋቢውን ተከናንቦ አለፈው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ እንቅልፍ አጣ። ሌላ ሆድ ሲከፍት ያ «ፈራህ» የሚለው ቃል ይመጣበታል። «ብገፋበት ኖሮስ?» ይላል።

ከመከር በኋላ የገበሬው ሚስት ጥቁር ለብሳ መጣች። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሣ።

«ዶክተር፣ ባለቤቴ ዐረፈ» አለችው። «እስኪሞት ድረስ ይቅር አላለዎትም። አልዋሽዎትም።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ።

«ግን ማከኩን ተወ፤ እንቅልፍም ወሰደው። ከልጆቹ ጋር ከአንድ ማዕድ በላ። ባቄላው ሲያሸት ማሳው ውስጥ ተቀምጦ እየፈለፈለ አጎረሰን። ይህን ሳልነግርዎት ብቀር ነውር መሰለኝ።»

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ተማሪዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሐኪም አንቺ ነሽ፤ ገበሬውም ነገ እጅሽ ላይ የሚተኛው ሰው ነው። የማይወጣውን ትተሽ የሚቻለውን ብትሰፊለት ፈሪ ይልሽ ይሆናል። ሚስቱም መጥታ የምትነግርሽ ነገር ላይኖር ይችላል። ልብሽም አያርፍም፤ ይረፍልኝ ብለሽ ግን ቢላ አታንሺ። በምን ፊቴ አልሽኝ፤ በዚሁ በተጨነቀ ፊትሽ። ብቻ ሲነቃ ሌላ ሰው አትላኪበት። ራስሽ ሄደሽ አጠገቡ ቁሚ።»