ሐጂ ሙዘይን ያልመሰከሩለት እንክብል

አሰላሙ ዓለይኩም ጀመዓ። ድምፄ ከፍ ካለ አፉ በሉኝ፣ ጨሻለሁ! ይቺን ማስታወቂያ ማን ነው ግሩፑ ላይ የለቀቃት? «አንድ ታላቅ ሐጂ ከወንበር ተነስተው ሱጁድ የወረዱበት የጉልበት እንክብል» ትላለች። ወላሂ እኚያን ሐጂ አውቃቸዋለሁ! በሳቸው ሲነገድ ዝም ብዬ አላይም። መጀመሪያ አዳምጡኝ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ግዙ።

አንዲት አሮጌ ከተማ አለች፣ ስሟን ተዉት። ገበያዋ ከመስጊዷ በር ነው የሚጀምረው። እዚያ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ አሉ፣ ሽርጥና ሻሽ የሚሸጡ። ጨርቁ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ገዢው ሳይጠይቃቸው «ይሄ ይለቃል» ይሉታል። በቃ፣ እንደዚህ ናቸው።

ዕድሜ ልካቸውን ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ሰውነታቸው ከበደ፣ ጉልበታቸው ተያዘ። ሐኪም ቤት ሄደው «የጉልበትዎ ልስልስ አጥንት ሳስቷል» ተባሉ። መስጊድ ውስጥ ከሰጋጁ ረድፍ፣ ከሶፉ ዳር ጉልበት ለታመመው ወንበር ይደረደራል አይደል? እዚያ ገቡ። ሱጁድ መውረድ ቀረ። አንድም ቀን አላማረሩም። ግን ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት ሲያደርግ እሳቸው ወንበሩ ላይ ቀና ብለው ሲቀሩ፣ ፊታቸውን ማየት ይከብድ ነበር።

ፈይሰል የሚባል የሰፕልመንት ነጋዴ መጣ። «ለሐጂማ ሀዲያ ነው» ብሎ ግሉኮሳሚን ምናምን ያለበት የእንክብል ብልቃጥ ሰጣቸው። ተቀብለው ይውጡ ጀመር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን እንቅስቃሴ ይዘዋል። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ያነሳሉ፣ ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ያቆዩታል፣ ያወርዱና ደግሞ ሌላውን። ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመሩ፣ ቅቤም ቀነሱ። ሰው ግን ምን አለ? «ሐጂ አዲስ ዚክር አመጡ፣ እግር ተዘርግቶ የሚባል!»

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ዙህር ሰላት ላይ ሐጂ ወንበሩን ገፋ አደረጉና ወረዱ። ግንባራቸው መሬት ነካ፣ አልሐምዱሊላህ! ሰላቱ እንዳለቀ ሰው ተሽቀዳድሞ አቀፋቸው። ፈይሰልም ከሁሉ ቀድሞ «የኔ ብልቃጥ ነው!» አለ። ከተማው አመነ፣ ምን ያድርግ? ብልቃጡን እንጂ እግር ማንሳቱን ሕክምና ነው ያለ የለም። የሐጂ የልብ ወዳጅ አባ ይማም፣ እሳቸውም ወንበር ላይ ያሉት፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ታዞላቸው ነበር። ተዉት። «ሐጂ በአፋቸው ይመስክሩና ሁላችንም እንክብሉን እንውጣለን» አሉ። የወንበሩ ሶፍ በሙሉ አንድ ቃል መጠበቅ ጀመረ።

ፈይሰል ሱቃቸው ድረስ ሄደ። «ሐጂ፣ ጁምዓ ላይ ‹ይሄ አዳነኝ› ይበሉልኝ። እኔ መስጊዱን ሙሉ ምንጣፍ አነጥፋለሁ።»

የመስጊዱ ምንጣፍ ደግሞ አልቆ ሲሚንቶው ጉልበት ይበላል! ኮሚቴዎቹ ለመኗቸው። «ሐጂ፣ ውሸት አይሆንብዎትም እኮ! ውጠዋል፣ ድነዋል፣ ሌላ ምን አለ?»

«መዋጤን አውቃለሁ፣ መዳኔንም አውቃለሁ» አሉ ሐጂ። «በእሱ መዳኔን ግን አላውቅም። ልወቀው።»

ከዚያ ብልቃጡን ከድነው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። እግር ማንሳቱን ቀጠሉ፣ ጾሙንም ቀጠሉ። የረጀብ ወር አልቆ ሻዕባን ገባ። ሱጁዱ አልቀረም!

ጁምዓው ደረሰ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ በር ላይ ቆሟል፣ ፈይሰል አጠገቡ ፈገግ ብሏል። ሐጂ ማይክ ያዙ።

«ወንድሞቼ፣ እንክብሉን ስውጥም ሱጁድ ወረድኩ፣ ስተወውም ወረድኩ። ስለዚህ እሱ አዳነኝ ብዬ ሸሃዳ አልሰጥም። ጎዳኝም አልልም። እግሬን ሳነሳና ክብደቴ ሲቀንስ ግን ሕመሙ ሲቀልለኝ አይቻለሁ። እንክብሉን ልሞክር የሚል ሐኪሙን ይጠይቅ። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱማ ሳትጠይቁ እንዳትነኩት።»

አባ ይማም ከወንበራቸው ጮኹ፦ «አንተ ሙዘይን! ያ እግር ማንሳት ዚክር አልነበረም እንዴ?»

«ሁለቱም ነበር» አሉ ሐጂ። መስጊዱ በሳቅ ሞላ።

ፈይሰል አልሳቀም። ምንጣፉን አሸክሞ ሄደ። ያጉረመረሙም ነበሩ፣ አልዋሽም። «በአንድ ቃል ምንጣፍ አሳጡን» እያሉ።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ! የወንበሩ ሶፍ በሙሉ ከዓስር ሰላት በኋላ እግሩን ያነሳ ጀመር። አንዱ ሲያወርድ «ሰነፍ!» ይሉታል። ሁሉም አልተሳካላቸውም፣ ጉልበት እንደ ሰዉ ነው። አባ ይማም ግን በሸዋል ወር አንድ ቀን ወንበሩን ገፉና ወረዱ! ተነስተው እንባቸውን እየጠረጉ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ምንጣፋችን እንዲህ ማለቁን ገና ዛሬ በግንባሬ አወቅኩ!» ሰው እየሳቀ አለቀሰ።

ደግሞ ፈይሰል ተመለሰ፣ ሱብሃነላህ! እናቱን ደግፎ፣ ሐጂ ሱቅ በር ላይ።

«ሐጂ፣ እናቴን ያን እንቅስቃሴ ያሳዩልኝ።»

«ያንተን አልሰጠሃትም?»

አቀረቀረ። «ሰጥቻታለሁ፣ ሐጂ። ብዙ ጊዜ።»

እኔ ብሆን፣ ወላሂ፣ ሰፈር ሰብስቤ አስቅበት ነበር! ሐጂ ግን ተነስተው የራሳቸውን ወንበር ለሴትዮዋ ሰጡ። «እሜቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። እስከዚያው እኔ እንዴት እንደማነሳ ይዩ» ብለው ሽርጣቸውን ሰብሰብ አደረጉና ሌላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ።

አባ ይማም ቆመው ያዩ ነበር። «ሙዘይን፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ያኔ ምንጣፉ አላጓጓህም?»

«አጓጉቶኝ ነበር» አሉ። «ግን ጉልበት ሲደክም ወንበር ይሰጡታል። ምስክርነት ሲወድቅ ምን ላይ ይቀመጣል?»

ገባችሁ? የሰው ቃል አማና ነው፣ አደራ። ሐጂ አንድ ቃል ቢሉ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ እሳቸውን አምኖ እግሩን ማንሳት ትቶ ወንበሩ ላይ ይቀር ነበር። ሐቅ ማለት ውሸት አለመናገር ብቻ አይደለም፣ የማታውቀውን አላውቅም ብሎ ሄዶ ማጣራትም ነው። መስጊዱ ዛሬም በዚያው ባለቀ ምንጣፍ ነው የሚሰገድበት፣ አባ ይማምም ግንባራቸው እዚያው ላይ ነው!

አሁን ያቺን ማስታወቂያ የለቀቅክ ወንድሜ፣ አንሳት። ሐጂ አልመሰከሩም።