ትርንጎና የተበጠሰው ጅማት

ጆሮ ያለው ይስማ፣ እጅ ያለው ያጨብጭብ!

ትርንጎ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በትምህርት ቤቷ ያለው ክራር አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ በተራ ይደረድሩታል። ለክረምት ሊዘጋ ሲል፣ በመጨረሻው የሙዚቃ ቀን፣ የትርንጎ ተራ ደረሰ። በምሳ ሰዓት እየሮጠች ብትገባ መምህር ምንተስኖት ክራሩን ታቅፈው ተክዘዋል።

«ትርንጎዬ፣ ጅማቱ ተበጠሰ። ያለ ጅማት ክራሩ አይጮህም።»

«ደወሉ ሳይደወል ባመጣስ?»

«ካመጣሽማ እወጥረዋለሁ!»

ትርንጎ ክራር ሠሪው አባባ ድንበሩ ዘንድ በረረች። «አባባ፣ ክራሩ ያለ ጅማት አይጮህም፤ ጅማት ይስጡኝ!»

«ጅማትስ ሞልቶኛል፣ ልጄ፤ ቢላዬ ነው የደነዘው። ያለ ቢላ ጅማቱ አይቆረጥም» አሉና ቢላውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት።

ቢላ ወደሚስሉት ጋሽ ሙላት ሄደች። «ጋሽዬ፣ ክራሩ ያለ ጅማት አይጮህም፤ ጅማቱ ያለ ቢላ አይቆረጥም፤ ቢላውን ይሳሉልኝ!»

«በደስታ! ግን ድንጋዬ ደርቋል። ያለ ውሃ ቢላው አይሳልም» አሉና ጆግ አስያዟት።

ወደ ቦኖው ሮጠች። ውሃ የሚያስቀዱት እትዬ አልጋነሽ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ ክራሩ ያለ ጅማት አይጮህም፤ ጅማቱ ያለ ቢላ አይቆረጥም፤ ቢላው ያለ ውሃ አይሳልም፤ ውሃ ይቅዱልኝ!»

«ቦኖው ተቆልፏል፣ የኔ ልጅ። ያለ ቁልፍ ውሃው አይወርድም።»

«ቁልፉስ?»

«ይኸውልሽ!» አሉ ወደ ሕፃኑ እያሳዩ። ሕፃኑ ቁልፉን ጨብጦ ያለቅሳል። «ጥርስ እያወጣ ነው። ልውሰድበት ስል ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። ካልተኛ አይለቀውም።»

ትርንጎ ሕፃኑ ፊት ወገቧን ይዛ ቆመች። «አንተ ማሙሽ! ክራሩ ያለ ጅማት አይጮህም፤ ጅማቱ ያለ ቢላ አይቆረጥም፤ ቢላው ያለ ውሃ አይሳልም፤ ውሃው ያለ ቁልፍ አይወርድም፤ ቁልፉ አንተ ካልተኛህ አይለቀቅም። በል ተኛ!»

ማሙሽ ጭራሽ እሪ አለ።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘፈነችለት። ይባስ ብሎ ጮኸ።

ትርንጎ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ዓመቱን ሙሉ የተማረችው ምን ሆነና! መምህር ምንተስኖት ሁልጊዜ «መጀመሪያ አዳምጡ፣ ቀጥሎ ምቱን ያዙ፣ ከዚያ ድምፅ አውጡ» ይሏቸው የለም? ዝም ብላ አዳመጠች። ማሙሽ እየተንሰቀሰቀ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። በዚያው ምት ጀርባውን በጣቶቿ መታ መታ አደረገችው። ቀስ በቀስ ምቱን አዘገመችው፤ የሕፃኑም ትንፋሽ ተከትሏት ዘገመ። ያን ጊዜ ዜማውን በለሆሳስ ጀመረች፤ ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ፣ በመጨረሻ ማንጎራጎር ብቻ።

የማሙሽ ዓይን ተከደነ፤ ጭብጡ ተፈታ።

ማሙሽ ተኛ፤ ቁልፉ ተለቀቀ። ቁልፉ ቦኖውን ከፈተ፤ ውሃው ድንጋዩን አራሰ፤ ድንጋዩ ቢላውን ሳለ፤ ቢላው ጅማቱን ቆረጠ፤ መምህር ምንተስኖት ጅማቱን ወጠሩ፤ ክራሩም ጮኸ! ደወሉም ተደወለ።

ትርንጎ ክራሩን ታቅፋ ክፍሉ ፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጅማት ስትነካ ድምፁ ተንሻፈፈ፤ ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። እሷ አልሰማቻቸውም፤ ጆሮዋ ክራሩ ላይ ነበር። ጣቷን አስተካክላ እንደገና ነካችው። ዜማው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሳቁም ቆመ።

ስትጨርስ መምህር ምንተስኖት ፈገግ አሉ።

«ትርንጎ፣» አሉ፣ «እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። የክራሩ ድምፅ ሲያበቃ የኔም ወሬ አበቃ።