የተሰፋው ወረቀት

«አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ» አሉ ሲስተር ይርገዱ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ። አሁን ባሉባት ጤና ጣቢያና በሌሎች እሷን በመሰሉ ጣቢያዎች ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ ይህንን ታሪክ ለስንት ሰው እንደ ተናገሩት መቁጠር ከተዉ ቆይተዋል። ደጋግመው መናገሩ ያደክማቸዋል። አለመናገሩ ደግሞ የባሰ ያደክማቸዋል።

ታሪኩን ያስጀመራቸው ከፊታቸው የተቀመጠችው እናት ጥያቄ ነው። ከትናንት በስቲያ የሰባት ዓመት ልጇ ለጉሮሮዋ የታዘዘላትን ሽሮፕ ሁለተኛውን ማንኪያ እንደ ዋጠች ገላዋ ሳማ እንደ ለበለበው ሰው ሽፍ ብሎ፣ ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር እያለ በሩጫ ነበር ያመጧት። ዛሬ ድናለች። እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ሲስተር የመድኃኒቱን ስም በቀይ እስክሪብቶ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈው ሰጥተዋል። እናትየው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሲስተር፣ ይኼን ወረቀት ከያዝኩላት ይበቃል አይደል? ለጎረቤቱ፣ ለአስተማሪው፣ ላገኘሁት ሁሉ ልጄን መድኃኒት አይስማማትም እያልኩ መለፍለፍ አለብኝ እንዴ? ሴት ልጅ ናት። በሽተኛ ናት የሚል ስም ከወጣላት ነገ ማን ያገባታል?»

ሲስተር ይርገዱ አልተቆጡም። ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። እንዲህ ሲሉ ቀጠሉላት።

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። ላየው ሰው ድካም የማያውቅ ይመስል ነበር፤ እውነቱ ግን ሳይደክመው ያደረበት ቀን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን አጥር በሚታጠርበት፣ ትምህርት ቤት በሚሠራበት ሁሉ ይጠሩታል። መሮውንና መዶሻውን በአቁማዳ ይዞ ይሄዳል፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ይመለሳል። ፊደል አልቆጠረም። ወሬም አይወድም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲቀጠቀጥበት የዋለ ጆሮ ወደ ቤቱ ሲገባ ዝምታ ነው የሚያምረው።

አንድ ዓመት የድንጋይ ስንጣሪ እጁን ወጋውና መገለበት። ሐኪም ቤት ሄደ፣ ኪኒን ሰጡት። በጀመረ በአራተኛው ቀን ገላው ሽፍ አለ፣ ያሳክከውም ጀመር። ኪኒኑን አልጠረጠረውም። በላብ እንደ ተጠመቀ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ነበርና «ምች መታኝ» አለ። ሚስቱ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ በመዳፏ አሸችና ቀባችው። በዚያው ሰሞን እጁም ስለ ተሻለው ኪኒኑን ሳይጨርስ ተወው፤ የተረፈውን በጨርቅ ቋጥሮ ግድግዳው ላይ ሰካው። ሽፍታው ጠፋ። ምስጋናው ሁሉ ለዳማከሴው ሆነ።

«ዳማከሴን መንቀፌ አይደለም» አሉ ሲስተር በመሀል። «እኔም ጓሮ አለ። ያን ጊዜ ግን ባልሠራው ሥራ ነው የተመሰገነው።»

በዓመቱ ድንጋይ ጠራቢው ጉንፋን ይዞት ደረቱን ወጋው። ሐኪም ቤት ድረስ መሄዱ ታከተው። ግድግዳው ላይ የሰካው ትዝ አለው፤ ጨርቁን ፈታና አንድ ኪኒን በውኃ አወራረደ። ብዙም አልቆየ። በመጀመሪያ መዳፉን በላው፣ ቀጥሎ ምላሱ አፉ ውስጥ የወፈረበት መሰለው፣ ከንፈሩ አበጠ፣ አየር አጠረው። ዓይኑ ጨለመና ደጃፉ ላይ ወደቀ። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞት ሮጠ። ደግነቱ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር። የጣቢያው አስታማሚ፣ ድሬሰሩ፣ ጭኑ ላይ መርፌ ወጋው፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎም ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀው። ለጥቂት ነው የተረፈው።

ድሬሰሩም የደከመው ሰው ነበር። ሲነቃለት ጠየቀው።

«ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎህ ያውቃል?»

«እንዲህስ አላደረገኝም። አምና ብቻ ምች መቶኝ ገላዬ ሽፍ ብሎ ነበር።»

«ምች ሲመታህ የምትወስደው ኪኒን ነበር?»

«ይኸው ነው። የዛሬው ከዚያ የተረፈው ነው።»

ድሬሰሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ምች አልነበረም፣ ወንድሜ። ሰውነትህ ይኼን መድኃኒት እንደ ጠላት ነው የሚያየው። አምና አስጠነቀቀህ፣ ዘንድሮ ጣለህ። ሦስተኛ ጊዜ እንዳይኖር።» ከዚያ በወረቀት ላይ በትልልቁ ፔኒሲሊን ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ዘመዶቹን፣ አምፒሲሊንንና አሞክሳሲሊንን፣ አስከተለ። «ይኼ ወረቀት ካንተ አይለይ። ደግሞም የትም ስትታከም ሳትጠየቅ ተናገር። ለሚስትህ፣ አብሮህ ለሚሠራው ሰው ሁሉ ንገር። ስሙን በቃልህ ያዘው።»

ድንጋይ ጠራቢው ከተባለው ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ ያዘ። የቀረው ማውራት ነው፣ ማውራት ደግሞ ያደክመዋል።

ከሰውነት አይለይ ሲባል የሚያውቀው ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ክታብ። አባቱም አያቱም አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የኖሩት። ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቆዳ ሠፊ ሄደ። ቆዳ ሠፊው ምን እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ የክታብ ውስጡ አይጠየቅም። ወረቀቱን አጥፎ በለስላሳ ቆዳ ጠቀለለው፣ ዙሪያውን በጅማት ሰፋው፣ ውኃ እንዳያስገባ ሰም ቀባው፣ ማተብ አበጀለት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ድንጋይ ጠራቢው ቆዳውን አንገቱ ላይ ሲያስር ትልቅ ሸክም የወረደለት መሰለው። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር የሚያስብለት አለ። ሚስቱ በማግስቱ አየችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከሐኪም የተሰጠኝ ነው። ያን መድኃኒት የሚከለክልልኝ።»

«ምን ተጽፎበታል?»

«ተይኝ እስቲ፣ ክታብ አይወራም» አላት። ክታብ ሲወራ ኃይሉን ያጣል ይባላልና እሷም ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስለዚህ ነገር የተናገረ የለም። አራት ክረምት አለፈ። የመድኃኒቱ ስም ከድንጋይ ጠራቢው ልብ ወጣ፤ ለነገሩ መቼ ገብቶ።

በአምስተኛው ዓመት ከቤቱ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ የትምህርት ቤት ግድግዳ ሊሠራ ሄደ። አንድ ቀን ጥርብ ድንጋይ ተንሸራቶ እግሩን ጨፈለቀው። በእንዶድ እያጠበ ሳምንት ሥራውን ሲሠራበት ቆየ። ቁስሉ አመረቀዘና ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው ጓደኞቹ በበቅሎ ጭነው እዚያው አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ አመጡት።

እዚያ አንዲት ነርስ ነበረች፣ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላለችም፤ በረንዳው ላይ ገና ብዙ ሰው ይጠብቃል። እግሩን አየች፣ አጠበችለት። መጠየቅ ያለበትንም ጠየቀች።

«አባቴ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?»

ድንጋይ ጠራቢው ጥያቄውን ሰምቷል። መልሱንም ያውቀዋል። አፉን ሊከፍት ሲል ግን ስሙ ማን ነበር? ጠፋበት። እንግዲህ ከኪኒኑ፣ ከምቹ፣ ከቃሬዛው ጀምሮ ሊያወራ ነው። ምላሱ በትኩሳት ደርቋል፣ እግሩ ይጠዘጥዘዋል፣ ዓለም ሁሉ ታክቶታል። «እኔ ባልናገርስ፣ እሱ አለ አይደል» አለ በልቡ። እጁን አነሣና አንገቱ ላይ ያለውን ቆዳ ያዘ።

ነርሷ ክታቡን የያዘ ሰው አየች። መርፌ የሚፈራ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ አንዱ መስቀሉን ይይዛል፣ አንዱ ክታቡን። «አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አለችው። ቆዳውን በአክብሮት ወደ ሸሚዙ ውስጥ መለሰችለት። ደግማ አልጠየቀችም። መርፌውን ወግታው መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፈች።

ጥቂት ቆይቶ መዳፉን በላው።

አወቀው። ይህንን መብላት ያውቀዋል። ነርሷ ከመጋረጃው ወዲያ ነች፣ ድምጿ ይሰማዋል። አንድ ጊዜ ቢጠራት ትመጣለች፤ ያ ጭን ላይ የሚወጋው መርፌም እዚያው መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። እሱ ግን አልተጣራም። ቆዳውን ከሸሚዙ አውጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠና ዓይኑን ጨፈነ። «በል እንግዲህ፣ ሥራህ ዛሬ ነው» አለው። እናም ክታቡ ሥራውን እስኪሠራለት ጠበቀ። ምላሱ ወፈረ፣ ጠበቀ። ደረቱ ጠበበው፣ ጠበቀ። በመጨረሻ ልጣራ ሲል የሚጣራበት ድምፅ አልነበረውም።

የጮኸው ሊያየው የገባው ጓደኛው ነው። ነርሷ ሮጣ መጣች፣ ወጋችው፣ ደግማ ወጋችው፣ ደረቱን በእጇ ተጫነች። አልተመለሰም።

ሚስቱ በሦስተኛው ቀን መጣች። ነርሷ ልብሱንና ክታቡን ስታስረክባት ሴትዮዋ ቆዳውን አገላብጣ አየችና፣ «ይኼ እንኳ ከሐኪም የተሰጠው ነበር፤ ያን መድኃኒት ይከለክልልኛል ይል ነበር፣ አልሆነለትም» አለች። ነርሷ ክው አለች። መቀስ አንሥታ ስፌቱን ፈታችው። ወረቀቱ እንደ ታጠፈ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ላብ አልነካውም፣ ዝናብ አላገኘውም። ከፊደሉ አንዲት ነጥብ አልጠፋችም። ቆዳ ሠፊው ሥራውን አሳምሮ ሠርቶ ነበር።

ሲስተር ይርገዱ ታሪካቸውን እዚህ ላይ አቆሙ። እናትየው ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ፣

«ያቺ ነርስስ ምን ሆነች?» ብላ ጠየቀች።

«አርጅታለች» አሉ ሲስተር፤ መነጽራቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው አደረጉ። «ከዚያን ቀን ወዲህ ለሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ ነው የምትጠይቀው፤ ሰው ይሰለቻታል። አንቺም ከትናንት በስቲያ ስትመጪ ደግሜ ብጠይቅሽ፣ ነገርኩዎት እኮ፣ ብለሽ ተቆጥተሽኛል።»

እናትየው አቀረቀረች።

«እንግዲህ ስሚኝ፣ ልጄ። ያ ሰው የሞተው ወረቀት አጥቶ አይደለም። ነበረው፣ ያውም በሰም የታሸገ። ማንም ያላነበበው፣ ማንም ያልሰማው ስለሆነ ነው የሞተው። አሁን ያ ቆዳ ያንቺ መቀነት ነው። ድንጋይ ጠራቢው ይቺ ልጅሽ ናት። አንድ ቀን አክስቷ ቤት ታድራለች፣ ሳል ይይዛታል፤ አክስቷ ከልጇ የተረፈ ሽሮፕ በደግነት ታጠጣታለች። ያን ጊዜ ወረቀቱ የት ነው? ካንቺ ወገብ ላይ ነው። አንቺስ የት ነሽ? ስም ይወጣላታል ብለሽ ፈራሽ። ይውጣላት! ስም የሚወጣለት በሕይወት ያለ ሰው ነው። ለአክስቷ ንገሪ፣ ለአስተማሪዋ ንገሪ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባየሽ ቁጥር ሳትጠየቂ ንገሪ። ገላዋ ሽፍ ካለ፣ ከንፈሯ ካበጠ፣ ምች ነው፣ ያልፋል ብለሽ አትቀመጪ፤ ይዘሻት ሩጪ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እሷው ትወቀው። አንቺ ሁልጊዜ አብረሻት አትኖሪም።»

እናትየው መቀነቷን ፈታች፣ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችና ልጇ ፊት አደረገችው። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ናት። ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች፣ ክፍል ውስጥ አስተማሪ ፊት እንደ ቆመ ልጅ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«አ፣ ሞ፣ ክ፣ ሳ፣ ሲ፣ ሊን። አሞክሳሲሊን!»

በሩ ክፍት ነበር። በረንዳው ላይ አግዳሚው ሞልቶ የተቀመጠው ሰው፣ ከመሀሉም አንዲት የሰፈራቸው ሴት፣ አንገቱን አዙሮ ወደ ውስጥ አየ። የእናትየው እጅ የልጅቷን አፍ ሊይዝ ተነሣ። መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደና የልጅቷ ትከሻ ላይ አረፈ።

«ይኼ መድኃኒት እኔን አይስማማኝም በይ» አለቻት። «በይ፣ ጮክ ብለሽ። ከውጭ ያሉትም ይስሙ።»