ሁለተኛ ያልተጠየቀው እንግዳ

ለትምህርት ባሕር የተሻገረ አንድ ሰው ነበረ። ቀለም ያስቆጠረው መንግሥት ነው፤ ወግ ያስተማረችው ግን እናቱ ናት። «ሰው ቤት ብላ ሲሉህ ዘለህ እጅህን እንዳትሰድ» ትለው ነበር። «በልቻለሁ በል። የሚወድህ ሰው ይለምንሃል፤ በሞቴ ይልሃል። ያኔ ትቀመጣለህ።» ይህን ምክር እንደ ጸሎት ይዞ ሄደ።

በዚያ አገር ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ቤት፣ ፎቁ ላይ አንድ ክፍል ተከራየ። በመጀመሪያው እሑድ አሮጊቷ በሩን አንኳኩታ፣ «ምሳ ቀርቧል፤ ትበላለህ?» አለችው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ» አላትና ልመናዋን ጠበቀ። አሮጊቷ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወረደች። የሾርባው ሽታ ደረጃውን ወጥቶ ክፍሉ ድረስ መጣ። እሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ የማንኪያዋን ድምፅ ሰማ።

በሁለተኛው እሑድም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው አላንኳኳችም።

ሰውየው አዘነ፤ ሐዘኑም ውሎ አድሮ ቂም ሆነ። ያገሩ ልጅ የሆነ ጓደኛው ነገሩን ሲሰማ፣ «ምን ትጠብቃለህ አንተ! እነዚህ እንኳን በሞቴ፣ በሕይወቴም አይሉ» ብሎ ሳቀ። እሱም አብሮት ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አሮጊቷን ደረጃ ላይ ሲያገኛት እጅ ነሥቶ ያልፋል እንጂ አይቆምም። ስለዚያ አገር ሕዝብ ባህል ትልቅ ጥናት ጻፈ፤ ተመሰገነበትም። ሆኖም አራት ዓመት ሙሉ ከአገሬው ጋር አንድ ማዕድ አልቆረሰም።

ሊመለስ አንድ ወር ሲቀረው አሮጊቷ ሞተች። ሴት ልጇ ዕቃዋን ልታነሣ መጣች። ሰውየው ከንፈሩን መጦ በሩ ላይ ቆመ።

«ምሳ የማትበላው ሰው አንተ ነህ?» አለችው። «እናቴ በየእሑዱ ሳህን ታስቀምጥልህ ነበር። እስከ ሞተችበት ሳምንት ድረስ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራችኝም?»

«ጠርታህ የለም እንዴ? በልቻለሁ አልካት! እኛ ዘንድ ሰውን ደጋግሞ መጠየቅ ቃልህን አላምንም ማለት ነው፤ ነውር ነው። ‹ኩሩ ልጅ ነው፣ ደስ ሲለው ይወርዳል› ትል ነበር።»

ሰውየው ገብቶበት ወደማያውቀው ማዕድ ቤት ወረደ። ሁለት ሳህኖች ጎን ለጎን ተደፍተዋል። አንዱን ገልብጦ ፊቱ አስቀመጠና ቁጭ አለ። ብላ የሚለው አልነበረም።

ትርሲት ልጄ፣ «ውጭ አገር ስማር የሰዉን ባህል እንዴት ልወቀው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የሰው ባህል እንደዚያ ሳህን ነው። ተቀምጦልሽ ይኖራል፤ አንቺ ግን ያገርሽን ወግ ይዘሽ በር ዘግተሽ ትጠብቂያለሽ። ከራበሽ ርቦኛል በይ። ያልገባሽን ነገር ለጓደኛሽ አውርተሽ ከመሳቅሽ በፊት ባለቤቶቹን ጠይቂ።

ይህን ታሪክ የነገረኝ ራሱ ሰውየው ነው። የሄደበት የትምህርት ዕድል የእኔ ነበር። ፈተናውን አንደኛ ያለፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሜ ተፍቆ የእሱ ገባ። አምና እቤቴ መጥቶ ይህን ሲያጫውተኝ ምሳ ቀርቦ ነበር። «ብላ» አልኩት። «በልቻለሁ» አለኝ፤ ዓይኑ ግን እናቱ እንዳስተማረችው ይጠብቅ ነበር። እኔ ወጉን አሳምሬ አውቃለሁ። ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

አሮጊቷ ወጉን ሳታውቅ ሳህኑን አቆየችለት። እኔ እያወቅሁ ከፊቱ አነሣሁት።