ያልመጣው የክብር እንግዳ ቦታ

ተረት ልንገራችሁ፤ ዛሬ የላሙን በረት ትተን የብርሃኑን በረት እንክፈት። በአንዲት ተራራማ አገር፣ ከከተማ እስከ ገጠር የተዘረጋ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነበር። በክሩ ውስጥ ብርሃን ይሄዳል፤ በብርሃኑ ላይ ድምፅና ምስል ይሳፈራል። ብርሃኑም እንደ ታክሲ ወንበር ተከፋፍሎ ለባንኩ፣ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለቴሌቪዥኑ ቦታ ቦታቸው ተሰጥቷቸዋል። ቦታ አዳይዋ ኢንጂነር ይመኙሻል ነበረች።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። የገጠሩ ሆስፒታል ሐኪም፣ ዶክተር ሐብተወልድ ነው። "እህቴ፣ የሦስት ቀን ሕፃን አንጀቱ ተጠምዝዞብኛል። እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ብቻዬን ሠርቼ አላውቅም። አስተማሪዬ ከከተማ ሆነው እጄን እያዩ ይምሩኝ። ምስሉ አራት ቦታ ይፈልጋል፣ ጎን ለጎን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልሆነ ልጁ ያመልጠኛል።"

ይመኙሻል የኮምፒውተሯን ማያ አይታ ክው አለች። ባዶ ቦታስ አለ፤ ግን አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ አንዱ ወዲያ። ምስል ደግሞ እግሩን አንድ ወንበር ላይ፣ ራሱን ሌላ ወንበር ላይ አድርጎ አይሄድም።

ለባንኩ ደወለች። "አቶ ምንዳዬ፣ እባክዎ ጠጋ ይበሉ። እርስዎ ካልተጠጉ ምስሉ አይገባም፤ ምስሉ ካልገባ ልጁ አይድንም።"

"እኔ ምን ከፋኝ። ዩኒቨርሲቲው እዚያ ተቀምጦ የት ድረስ ልጠጋ? ዘልዬው ልለፍ ብል መስመሬ ይቆረጣል።"

ለዩኒቨርሲቲው ደወለች። "ወይዘሮ ጥሩዓየር፣ ጠጋ ይበሉ። እርስዎ ካልተጠጉ ባንኩ አይጠጋም፤ ባንኩ ካልተጠጋ ምስሉ አይገባም፤ ምስሉ ካልገባ ልጁ አይድንም።"

ወይዘሮዋ ደነገጡ። "በስመ አብ፣ የሦስት ቀን ልጅ? እኔ በወደድኩ፤ ቴሌቪዥኑ ነው ንቅንቅ የማይለው።"

ለቴሌቪዥኑ ደወለች። "አቶ ወንድይፍራው፣ ጠጋ ይበሉ። እርስዎ ካልተጠጉ ዩኒቨርሲቲው አይጠጋም፤ ዩኒቨርሲቲው ካልተጠጋ ባንኩ አይጠጋም፤ ባንኩ ካልተጠጋ ምስሉ አይገባም፤ ምስሉ ካልገባ ልጁ አይድንም።"

ሰውየው መለሱ። "ልጄ፣ እኔ አጠገብ ያለው እኮ የክብር እንግዳ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጧል። የክብር እንግዳን ማን ደፍሮ ጠጋ በል ይላል?"

ይመኙሻል የማያውን ጫፍ አየች። እውነትም አንድ ብርሃን በርቷል፤ ላዩ ላይ "የክብር እንግዳ፣ አይነካ" ይላል። ከፍታ ብታየው ድምፅ የለው፣ ምስል የለው፣ ባዶውን ይበራል። "ይህን ያስቀመጠው ሰው ነው እንዴ?" ብላ እየተናደደች መዝገቡን ገለጠች። የራሷ ስም ነው።

ትዝ አላት። መስመሩ የተመረቀ ዕለት፣ በአገሩ ወግ ለክብር እንግዳ የፊት ወንበር ይያዛልና፣ እሷም ንግግራቸው የሚተላለፍበትን ቦታ ያዘችላቸው። እንግዳው ቀሩ። ድግሱ ተበላ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ቦታው ግን እንደተያዘ ቀረ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። "እኔው ነኝ ለካ" አለች።

ከዚያ ብርሃኑን አጠፋችው። እንግዳው ሲነሣ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለ፤ ቴሌቪዥኑ ሲጠጋ ዩኒቨርሲቲው ጠጋ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ሲጠጋ ባንኩ ጠጋ አለ፤ ባንኩ ሲጠጋ አራት ቦታ ጎን ለጎን ተከፈተ፤ ምስሉም ገባ። አስተማሪው ከከተማ ሆነው "አይዞህ፣ ቀኝ እጅህን ዝቅ አድርግ" አሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ደወለ። መናገር አቅቶት ስልኩን ወደ ሕፃኑ አስጠጋው፤ ልጁ በኃይል ያለቅሳል። ይመኙሻልም አብራው አለቀሰች። ከዚያ መዝገቡን ስባ፣ "የክብር እንግዳ" ከሚለው አጠገብ "መጣ" ብላ ጻፈች።

ተረቴ እዚህ ወረደ፤ እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የቆመ ሰው አለ።