የቦራ ቁመት

ኑ፣ ጠጋ በሉ። እኔም ደክሞኛል፣ ተረቷም ከአፍ ወደ አፍ ስትዞር ደክማለች፤ ቢሆንም ሳትነገር አትቀርም። ትሰማላችሁ? እንግዲያውስ ስሙ።

ድሮ፣ ፈረስም ዘንግም በሚናገርበት ዘመን፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለ ሰፊ መስክ ዘራቸው የተመረጠ ድንክ ፈረሶች ይኖሩ ነበር። ቁመታቸው አጭር፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ ዓይናቸው ትልቅ፣ እግራቸው ቀጭን ግን ጠንካራ ነበር። ሲራመዱ ጀርባቸው ላይ ወተት ቢቀመጥ አይፈስም። ይህን ዘር የሚጠብቀው የፈረሶቹ አለቃ ባልደራስ አጎናፍር ነበር።

መስከረም በጠባ ቁጥር ሦስት ዓመት የሞላው ውርንጭላ ሁሉ በሦስት ዳኞች ፊት ይቆማል። ልጓም አፉንና ጭንቅላቱን ያያል። ኮርቻ ጀርባውንና አረማመዱን ታያለች። ዘንግ ቁመቱን ይለካል፤ ጫንቃው ከዘንግ ጫፍ ከበለጠ ድንክ አይባልም። ሦስቱም ያመሰገኑት መስኩ ላይ ይቀራል። አንዱ እንኳ የነቀፈው ከገደሉ ሥር ወርዶ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ይጭናል።

ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት አሮጊት ባዝራ ነበረች። ሁለት ወንዶች ልጆቿን ዘንግ "ረዘሙ" ብሎ ጥሎባታል። ትልቁ ልጇ ድንጋይ እንደ ተጫነ ወድቆ ቀረ። ትንሹ አሁንም ይጭናል፤ እሷ ከላይ ሆና ሲያስል ትሰማዋለች። የቀረቻት ሴት ልጇ ጤዛ ብቻ ናት። ጤዛም ሦስት ዓመት ሞላት።

"እማ፣ እግርሽ ይንቀጠቀጣል፤ አትምጪ" አለቻት ጤዛ።

"ባይንቀጠቀጥማ ወጣት ነበርኩ። ሂጂ፣ እከተልሻለሁ።"

ልጓም ጤዛን አየ። "አፏ ለስላሳ፣ ጭንቅላቷ ትንሽ፣ እሰይ!" አለ።

ኮርቻ ወተት የሞላ ዋንጫ ይዛ ጀርባዋ ላይ ወጣች። ጤዛ መስኩን ዞረች፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። "ጀርባዋ አልጋ ነው፣ እሰይ!" አለች ኮርቻ።

ባልደራስ ዘንግን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ጤዛን አጠገቡ አቆማት። ዘንግ ጫንቃዋን ለካ። "በአራት ጣት ረዝማለች" አለ።

ቦራ ዓይኗን ጨፈነች። አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል።

"አያ ዘንግ፣ አንተ የተቆረጥከው በማን ልክ ነው?" አለችው።

"በአንቺ፣ እትዬ ቦራ። ሦስት ዓመት ሲሞላሽ፣ 'ድንክ ማለት እንደ ቦራ ነው' ተብሎ።"

"እንግዲያው ለካኝ።"

ባልደራስ እየሳቀ አቆማት። ዘንግ ግን አልሳቀም። "አንቺም በአራት ጣት ረዝመሻል" አለ።

"እንዴ! በስተርጅና አደግሽ?" ሲል ልጓም ቀለደ።

"ኧረ ያጠርኩትስ እኔ ነኝ" አለ ዘንግ። "በየዓመቱ ጭቃ ውስጥ እተከላለሁ። እግሬ ይበሰብሳል። ባልደራስ የበሰበሰውን ይቆርጥልኛል። ልጆችሽን ስጥል አውቅ ነበር፤ 'አጠርኩ' ብል ማገዶ ያደርጉኛል ብዬ ፈራሁ።"

ባልደራስ ፊቱ ጠቆረ። "የበሰበሰ ይቆረጣል፤ የአባቴም ደንብ ይኸው ነው። ዘንግ የለካው ይጸናል!"

"እንግዲያው ይህ ዘንግ ሁለተኛ አይለካም" አለና ዘንግ ራሱን ነቅሎ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ባልደራስ ጨነቀው። "አሁን በማን ልክ ልቁረጥ?" አለ።

"በቦራ!" አሉ ልጓምና ኮርቻ።

ባልደራስ ረጅም እንጨት አምጥቶ ቦራ አጠገብ አቆመ። ቦራ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ስለነበር የፊት ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ።

"እትዬ ቦራ" አለች ኮርቻ በሹክሹክታ፣ "ዝቅ ካልሽ አዲሱም ዘንግ ያጥራል። ልጅሽ ትወርዳለች።"

"አውቃለሁ፣ እህቴ።"

ያን ጊዜ ከገደሉ ሥር ሳል ተሰማ። ቦራ ጥርሷን ነክሳ አራት እግሯን ቀጥ አደረገች። ባልደራስ አንዴ ምልክት አደረገ፣ ሳተ፤ ሁለተኛ አደረገ፣ ሳተ።

"ቶሎ በል፣ ባልደራስ" አለች።

በሦስተኛው ቆረጠ። አዲሱን ዘንግ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሞ ጤዛን ለካት፤ ልክ ሆነች። ያኔ ቦራ ተኛች።

"ወንድሜስ?" አለች ጤዛ።

ባልደራስ አቀርቅሮ ወደ ገደሉ ሥር ሰው ላከ። ልጁ መጣ። አዲሱ ዘንግ ለካው፤ ልክ ነው። ልጓም አየው፤ ልክ ነው። ኮርቻ ጀርባው ላይ ልትወጣ ቀርባ ቁስሉን አየችና አለቀሰች። "ቁመቱስ ደህና ነው፤ ጀርባው ግን አልቋል" አለች።

ቦራ ከተኛችበት ቀና ብላ፣ "ቁመቱን መለሳችሁለት፤ ጀርባውንስ ማን ይመልስለታል?" አለች። 

በደንቡ መሠረት ልጁ ተመልሶ መውረድ ነበረበት። ግን ማን ደፍሮ ያውርደው? እናቱ ጎን ተኛ፤ እዚያው ቀረ።

እናንተም ሌላውን አቁማችሁ ከመለካታችሁ በፊት ዘንጋችሁን ለኩ። በአጠረ ዘንግ የተጣለ፣ ዘንጉ ቢቀና ጀርባው አይድንም። ተረቴን ውሰዱ፤ ጉልበቴን መልሱልኝ።